ጋሽ ተሻለና የሰንጢ እጀታ

ጋሽ ተሻለ ማረፋቸውን የነገረችኝ እትዬ ደብሬ ናት። ቢሮ ተቀምጬ ስልኩን እንዳነሣሁ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ "ሽማግሌው ተገላገሉን" አለችኝ። እኛ እሳቸውን ሳይሆን እሳቸው እኛን። አነጋገሩ የራሳቸው የጋሽ ተሻለ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ቀልዱን እስከ መጨረሻው ሊሸከመው አልቻለም።

ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው መጣ። ግማሹ እሳቸው የሰደቡት ነው፤ ቀሪው ተሰድቦ ያልገባው ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የሚያነበው ሰው "ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ" ከሚለው ቦታ ሲደርስ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ለማያውቀን ሰው ኀዘን የከበደን እንመስል ነበር።

ጋሽ ተሻለ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ጥገና ክፍል ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ፣ ባሕር ዳር የአሣ ጀልባዎች ከሚያራግፉበት ዳርቻ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ከፈቱ። ሥራቸው ቢላ መሳልና የሰንጢ እጀታ መለወጥ ነበር። ክፍሏ ውስጥ አንድ ሞርሳ፣ በእግር የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ፣ ጥቂት ሞረዶችና አንድ ባሊ አለ። ባሊው ውስጥ ያለው የአሣ እጣቢ ነው። ደንበኛ በር ላይ ሆኖ አፍንጫውን ሲይዝ ካዩ፣ "ግባ፣ ሽታው አይናከስም" ይሉት ነበር።

ስሙ ሥራውን የመሰለለት ሰው እሳቸውን ብቻ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚጠየቁት "የትኛው ይሻላል?" የሚል ነው። ቀንድ ይሻላል ወይስ እንጨት? አጥንት ይሻላል ወይስ ናስ? ጋሽ ተሻለ መጀመሪያ የጠያቂውን እጅ ገልብጠው ያያሉ፤ ቀጥለው ይሰድቡታል፤ በመጨረሻ ይመልሱለታል። ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ተቆጥቶ የሚሄደው ይበዛል።

እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር የመጣሁት ለሥራ ነው፤ አሣ የሚያጸዱና የሚሸጡ ሴቶችን እረዳለሁ በሚል አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሬ። ጋሽ ተሻለ ዘንድ መጀመሪያ የሄድሁት በምሳ ሰዓት ማንጎ የምልጥባትን ሰንጢ ለማስሳል ነበር። ቀይ የፕላስቲክ እጀታ ያላት፣ መሐሏ ላይ ወርቃማ ኮከብ የተለጠፈባት፣ እኔ እንኳ ብዙ የምኮራባት ሰንጢ ናት። ጋሽ ተሻለ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩዋት።

"ይህን ማን ሰጠህ?" አሉኝ።

"ገዝቼ ነው።"

"ፈቅደህ?"

ከዚያ እጄን ባሊው ውስጥ እንድነክር አዘዙኝ። ነከርሁ። ሰንጢዋን እንደታጠፈች አስጨበጡኝና "ጠበቅ አርገህ ያዝ፣ እንደ ደመወዝህ ያዛት" ብለው ጫፏን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሳብ አደረጉ። ሰንጢዋ እንደ ሳሙና ሙልጭ ብላ እሳቸው እጅ ውስጥ ገባች። ሽማግሌው የጉልበት ሰው አልነበሩም፤ አላላባቸውም፤ ፊታቸውም አልተለወጠ። ስለቱ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ከእጄ የሚወጣው ሰንጢው ሳይሆን ጣቴ እንደነበረ ነገሩኝ። "ዓይን የመረጠውን እጅ ይከፍላል" አሉኝ ጨምረው። ይህን ቃል በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም።

ሥራዬን ሲጠይቁኝ ቃለ ጉባኤ እንደምይዝ ነገርኋቸው።

"ሰንጢ ያልያዘ እጅ ቃል ይይዛል?" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ኦ ጸሐፊ" ሆነ። አባታቸው ደሴት ላይ ባለ ገዳም መሪጌታ የነበሩ ናቸው፤ እሳቸውም በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው እንደነበር ይወራል። ከዚያ ትምህርት የተረፋቸው ግእዝ ሰው ለመጥራትና ሰው ለማባረር ብቻ ይበቃ ነበር።

ለምን እየተመላለስሁ እንደምሰደብ ባላውቀውም፣ ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደዚያች የቆርቆሮ ክፍል ይወስደኝ ጀመር። ቁጭ ብዬ በእያንዳንዱ እጀታ ላይ ሲፈርዱ እሰማለሁ። ቀንድ፣ በደንብ ከተወለወለ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡ እንደ ጠጅ ይበራል፤ በደረቅ እጅም ጥሩ ነው። እርጥብ እጅ ሲነካው ግን ዘመድነቱን ይክዳል፤ ውሃና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ደግሞ ይጣመማል። አጥንት ነጭና ንጹሕ ሆኖ ይገባል፤ ደም ጠጥቶ ቢጫ ሆኖ ይኖራል፤ እንዲይዝ ብለህ ቦይ ብታወጣበት ቦዩ ውስጥ የትናንት አሣ ያድራል። ናስ ያምራል፣ ይከብዳል፣ እጅ ላይ ሽታ ይተዋል። ዋንዛ ቀሊል ነው፤ ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ሰንጢው አልታጠፍ ይላል። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ እጀታ አያያዙ ወደር የለውም፤ ነገር ግን መልኩን ያየ ሰው አሣውንም አይበላ። ወይራ፣ ቫርኒሽ ሳይነካው፣ በሞረድ ሸካራ ተደርጎ ዘይት ከጠጣ፣ እጅን መልሶ ይጨብጣል።

"ሁሉም አንድ አንድ ነውር አለበት" ይሉ ነበር፤ "ልዩነቱ ወይራ ነውሩን አይደብቅም፤ ያስቀይማል፣ አስቀይሞም ይሠራል።"

አንድ ቀን ሚስማር አምጣ ብለው መሳቢያ አስከፈቱኝ። ሚስማሩ ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁና ገለጥ አደረግሁት። ሰንጢ ነው። እጀታው ጥቁርና ማር መሳይ የተቀላቀለበት ቀንድ፣ ጫፍና ጫፉ በብር ቀለበት የታሰረ፣ መልክ የሚያሳይ እስኪሆን የተወለወለ። እንደዚያ የሚያምር ሰንጢ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አላየሁም። ያዝኋቸው ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ። ከፍ አድርጌ አሳየኋቸውና ይህስ የማነው ብዬ ጠየቅሁ።

"የኔ ነው" አሉ ሥራቸውን ሳያቆሙ።

"ይህ አያሙለጨልጭም?"

"ያሙለጨልጫል እንጂ። ውበት አያስፈልግም ብዬህ አውቃለሁ እንዴ? ሥራውን ይወቅ ነው ያልሁት። ይቺ የእሑድ ናት፤ ብርቱካን ትልጣለች። አሣ ዘንድ አልወስዳት፣ እሷም አትሄድ።"

ቀጥለው እጄን እንድታጠብና ሁለተኛ በቆሸሸ እጅ እንዳልነካት አስጠነቀቁኝ። ሰድበውኝ ሲያበቁ ራሳቸው ተነሥተው ሰንጢዋን በጨርቁ ጠቀለሏት፤ እንደ ሕፃን፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ እያጠፉ። የዚያን ዕለት ነው ሰውዬው ከኔ ይልቅ ለውበት የሚሸነፉ መሆናቸው የገባኝ። የተሸነፉበትን ቦታ ግን ለይተው ያውቁታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህን ታሪክ ስናገር ከሰው ፊት ለፍርድ የምቆም ሆኖ ስለሚሰማኝ ነው እስካሁን ያዘገየሁት።

አሣ የሚያጸዱት ሴቶች ቢላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በዘንቢል ይዘው ይመላለሱ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ስለቱ ዘንቢሉን በስቶ የስንቱን ጭን ወግቷል። እነሱም መሥሪያ ቤታችንን የሚታጠፍ ሰንጢ ብታመጡልን ብለው ጠየቁ። መሥሪያ ቤታችን ሴቶቹ ራሳቸው አስበው የጠየቁት ነገር ሲመጣለት የመጀመሪያው ስለነበር ተደናገጠ፤ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ኃላፊያችን፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ። የሁዳዴ ጾም ከመግባቱ በፊት መታደል አለበት ተባለ፤ አሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ባያልቅም፣ በሁዳዴ የባሕር ዳር ሕዝብ እየተከራከረ አሣውን ይጨርሰዋልና።

አንድ ነጋዴ አምስት ዓይነት ናሙና ላከ። ስለታቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በእጀታ ነው። ባለሙያ ይጠየቅ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ለራሴ ልመስክር። ጋሽ ተሻለ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባሊያቸውን አንጠልጥለው ስብሰባ አዳራሹ ገቡ። ባሊውን ምንጣፉ ላይ ሲያስቀምጡት የኃላፊያችን ፊት እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም።

ጋሽ ተሻለ የኮሚቴው አባላት እጃቸውን እየነከሩ እንዲሞክሩ ጠየቁ። ሁለቱ በአፍረት ሞከሩ፤ ከአምስቱ ናሙናዎች አራቱ ሙልጭ እያሉ ወጡባቸው፤ ባለ እንጨት እጀታው ብቻ እጃቸው ላይ ቀረ። ኃላፊያችን ሰዓት አድርጌያለሁ አለ። ጋሽ ተሻለ ሰዓት ይወልቃል አሉት። እሱ በዓይኑም መምረጥ እንደሚችል ገለጸላቸው።

ጋሽ ተሻለ ሲሄዱ የተመረጠው እንደ መስታወት የሚያበራ የብረት እጀታ ያለው፣ በሰማያዊ ቀለም የመሥሪያ ቤታችን ዓርማ የተቀባበት ሆነ። ምክንያቱም እንጨቱ ላይ ዓርማው አይታይም፤ ዓርማው ካልታየ ፎቶው ምን ያደርጋል? እኔ እጄን አላወጣሁም፤ ጸሐፊ ድምፅ አይሰጥም። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የእጀታው ምርጫ "ባለሙያ ተማክሮ" የተደረገ መሆኑን ጻፍሁ። ኃላፊያችን እንዲህ ጻፍ አላለኝም፤ ዓረፍተ ነገሩ አምሮ እንዲያልቅ ብዬ ራሴ ያስገባሁት ነው። ጋሽ ተሻለ ምን እንደመከሩ አልጻፍሁም።

በእደላው ቀን ድንኳን ተጣለ፤ ሠላሳ ስድስት ሴቶች ነጭ ለብሰው ተሰለፉ፤ ሰንጢዎቹ በፀሐይ አብረቀረቁ። ፎቶው፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም ነበር። ኃላፊያችን ወረቀቴን ይዞ ወጣና፣ የሰንጢዎቹ እጀታ "በሁላችሁም በሚታወቁት በባለሙያው በጋሽ ተሻለ ምክር" የተመረጠ መሆኑን በድምፅ ማጉያ ተናገረ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ተሻለ መረጡት ከተባለ ለምንም ነገር ያጨበጭቡ ነበር። እሳቸው እዚያ አልነበሩም፤ ድንኳን እንደማይወዱ ሁሉም ያውቃል።

እትዬ ደብሬ የተቆረጠችው ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በዳርቻው ካሉት ሴቶች ፈጣኗ እሷ ናት፤ አንድ አሣ አገላብጣ አጥንቱን ስታወጣ ገዢው ዋጋ ተከራክሮ አይጨርስም። አምባዛ እየሰነጠቀች ነበር። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ሰውነቱ ሁሉ ዝልግልግ ነው። የሚያብረቀርቀው እጀታ መዳፏ ውስጥ ዞረ፤ ስለቱም ተመልሶ በቀኝ እጇ ጣቶች ላይ አረፈ። ሐኪም ቤት ሰፉላት፤ ቁስሉም ደረቀ። ቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አሉ። አሣ ለምታጸዳ ሴት የቀኝ እጅ ሁለት ጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷ ታውቀዋለች።

ይህን ስሰማ ጠረጴዛዬ ላይ የእደላው ፎቶ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ቆሞ ነበር። ሄጄ አልጠየቅኋትም። ሥራ በዛብኝ አልሁ፤ በእርግጥም ሥራ ፈለግሁ። ወደ ጋሽ ተሻለም መሄድ ተውሁ።

ጋሽ ተሻለ ዘንድ ደግሞ ሴቶቹ ቢላ ማምጣት አቆሙ። መጀመሪያ ጾሙ ነው ብለው አሰቡ። ቀጥሎ ሰላምታቸውም አጠረ። በመጨረሻ አንዷን አስቁመው ምን እንዳደረጉ ሲጠይቋት፣ ያንን ሰንጢ የመረጡልን እርስዎ አይደሉም ወይ ብላ ጥላቸው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ መጡ። ባሊ አልያዙም። ቃለ ጉባኤውን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ አወጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ፊርማዎቹ ድረስ በእርጋታ አነበቡት። ያን ጊዜ ጮኸው ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

"'ባለሙያ ተማክሮ' ብለህ ጻፍህ" አሉኝ። "እውነት ነው፤ ተማክሬያለሁ። 'አልተሰማም' ለምትለው ቃል ነው ወረቀቱ የጠበበህ።"

የማስተካከያ ደብዳቤ እንደምጽፍ፣ ማኅተም እንደማስመታበት ነገርኋቸው።

"ሴቶቹ ደብዳቤ አያነቡም፤ ሰው ነው የሚያነቡ" አሉ። "ሰንጢዎቹን ሰብስበህ አምጣልኝ። እጀታውን እኔ እለውጣለሁ። የተናገርኸውን ደግሞ አንተ ለውጥ። እኔ የምጠርበው እንጨት ነው፤ ያንተን አፍ ጠርቤ አልሰጣቸውም።"

ወደ ዳርቻው የሄድሁት በማግስቱ፣ ጀልባዎቹ አራግፈው ሴቶቹ ሁሉ ሥራ ላይ ባሉበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ እትዬ ደብሬ ዘንድ ቀረብሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ቀረሶ የሚባለውን አሣ እየቀረፈች ነበር፤ ቅርፊቱ ቀሚሷ ላይ ይበተናል፤ ግራ እጇ ሥራውን ገና አልተማረውም። ጎንበስ ብዬ ሁሉንም ነገርኋት። ሙከራውን፣ ባሊውን፣ የትኛው እጅ ላይ እንደቀረና የትኛው እንደተመረጠ፣ ሽማግሌው ምን እንዳሉና እኔ ምን እንደጻፍሁ። እያወቅሁ እንደጻፍሁ ጭምር። መቅረፏን አላቆመችም።

"ለኔ ጣቴ ነግሮኛል" አለች በመጨረሻ። "ሽማግሌውን ለቀየሙት ንገራቸው። ጮክ ብለህ።"

የተገለበጠ ጀልባ ነበር፤ እሱ ላይ ወጣሁ። ጮክ ብዬ ለሁሉም ተናገርሁ። ከጋሽ ተሻለ ክፍል የመሳያው ድንጋይ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የሚሳል ቢላ እንዳልነበራቸው ግን ሁላችንም እናውቃለን። ሴቶቹ እስክጨርስ ሰሙኝ። አንዷ አሣ ልትወረውርብኝ አነሣችና አሣው አሳዘናት መሰለኝ መልሳ አስቀመጠችው። ከጀልባው ስወርድ እትዬ ደብሬ ከወገቧ ሰንጢዋን አውጥታ በግራ እጇ ዘረጋችልኝ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አመጡ።

ሰንጢዎቹን በዘንቢል አድርጌ ገባሁ። ጋሽ ተሻለ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ "ድምፅህ ቀጭን ነው" አሉኝ፤ "ወረቀት ላይ ወፍራም ነበር።"

እጀታውን ለመለወጥ የቀረው ጾም ሁሉ ፈጀብን። ፈጀባቸው ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን እኔም ከሥራ ስወጣ እየሄድሁ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ወይራ ስፈትግ እጄ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ደርቋል። እሳቸው ሚስማሩን በትራፓኖ እየበሱ ያወልቃሉ፤ የሚያብረቀርቀውን ብረት ጥግ ላይ ይወረውራሉ፤ የወይራውን ቁራጭ ሁለት ገጽ አድርገው ያጣብቁና በሞረድ ጥልፍልፍ መስመር ያወጡበታል፤ በመጨረሻ የኑግ ዘይት ያጠጡታል። አንድ ቀን የፈተግሁት አምሮኝ ትንሽ ቫርኒሽ ብንቀባውስ ስል ሞረዱን አስቀምጠው አዩኝ፤ እኔም ደግሜ አላነሣሁም።

ስንጨርስ አንድ ነገር ልብ አልሁ። በእያንዳንዱ እጀታ ጫፍ ላይ ከናስ ሚስማር የተሠራ ትንሽ ምልክት አለ፤ በአንዱ መስቀል፣ በአንዱ የአሣ ዓይን፣ በሌላው ሦስት ነጠብጣብ፣ ሠላሳ አምስቱም ሳይደጋገሙ። እኔ በሌለሁበት ሰዓት የሠሩት ነው። ማማራቸውን ስነግራቸው ተቆጡ። እንዳይሰራረቁ ብዬ ነው አሉ። ሴቶቹ የየራሳቸውን ሲቀበሉ ምልክቱን በጣታቸው እየዳበሱ፣ እርስ በርስ እያሳዩ ይስቁ ነበር። ጋሽ ተሻለ ወደ ሐይቁ ዞረው ተቀመጡ።

ሠላሳ ስድስተኛዋ የእትዬ ደብሬ ናት። ያቺን ለብቻ አቆይተዋት ነበር። እትዬ ደብሬን ጠርተው፣ ከጧፍ ቅሪት ያቀለጡትን ሰም ለብ እንዳለ መዳፏ ላይ አኖሩትና አሣ እንደምትሰነጥቅ አድርገሽ ጨብጪ አሏት። ጨበጠች። ሦስቱ ጣቶቿ ሰሙ ውስጥ ጠለቁ፤ ሁለቱ ቀጥ ብለው ውጭ ቀሩ። ሰው እያየባት ስለሆነ አፈረች፤ ልትደብቃቸውም ፈለገች። ጋሽ ተሻለ እጇን አልለቀቁም። ሁለቱን ጣቶች ቀስ ብለው በሰሙ ጎን አስተኟቸው፤ ማረፊያ እስኪያገኙ ድረስ ሰሙን በአውራ ጣታቸው ይገፉላቸው ነበር።

በዚያ ሰም ልክ ከወይራ ሥር አንድ እጀታ ጠረቡ። ስንት ቀን እንደፈጀባቸው ተናግረው አያውቁም፤ ተሳስተው የጣሏቸውን ግን ጥግ ላይ አይቻለሁ፤ አራት ናቸው። የመጨረሻው ዝንጅብል ይመስል ነበር። እዚህ ያበጠ፣ እዚያ የጎደጎደ፣ በጎኑ ሁለት ጣት የሚተኛበት ቦይ ያለው። ሰንጢው ሲታጠፍ እንኳ ቀጥ ብሎ ኪስ አይገባም። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ከሳቸው እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ትንሣኤ አልፎ ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ይዘንላት ወረድን። እትዬ ደብሬ ሰንጢዋን ተቀብላ ወዲያና ወዲህ አገላበጠቻት።

"ምነው ጋሼ፣ ምን በድዬዎት ነው?" አለች። "ይቺን ከሰው ፊት አወጣታለሁ?"

ጋሽ ተሻለ ትልቁን አምባዛ መርጠው ከፊቷ አኖሩላት። እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ አወጣች፤ ሰንጢዋን ጨበጠች። ሦስቱ ጣቶች ያዙ፤ ሁለቱ ቦያቸው ውስጥ ተኙ። አምባዛውን በሆዱ በኩል ከፈተችው፤ ገለበጠችው፤ በአጥንቱ ጠርዝ ስለቱን እየሳበች እስከ ጅራቱ ወረደች። መሐል ላይ ቆም ብላ መዳፏን አየች፤ እጀታው ካለበት አልተነቃነቀም። ሥጋውን በአንድ በኩል፣ አጥንቱን በሌላ በኩል አኖረችና ቀጣዩን አሣ ሳበች። ገዢዎች መጡ። አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇን መመልከት ትታ ነበር፤ ከአንድ ሰውዬ ጋር እየተከራከረች፣ ሳታይ ትሠራለች።

ጋሽ ተሻለ የተገለበጠው ጀልባ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሥራ ስላለብኝ ተሰናብቻቸው ሄድሁ። ለምሳ ስመለስ እዚያው ነበሩ። ክፍላቸው አልተከፈተም፤ ቢላ ይዘው የመጡ ሰዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰው እየጠበቀዎት ነው አልኋቸው። በእጃቸው ዝም በል የሚል ምልክት ሰጡኝ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ ሽሙጡን ስጠብቅ ቆየሁ፤ ስለ ድምፄ ወይም ስለ ቃለ ጉባኤዬ፣ ወይም ከሴትዮዋ ጋር ስለሚከራከረው ሰውዬ ጫማ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ።

ምንም አላሉም። እስከ ማታ ድረስ የእትዬ ደብሬን እጅ ሲያዩ ዋሉ። ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ ማንንም ሳይሰድቡ የዋሉበት ቀን ያ አንድ ቀን ብቻ ነው።